ካፉ ሲጠብ፣ ሚዛኑ እምቢ ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ደም ግፊት ጽፈን ነበር። የመጡት ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ግፊቱ ሳይሆን ስለ ዕቃው ናቸው። ካፉ (የግፊት መለኪያው ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ) አይደርስም፣ ሚዛኑ አይችልም፣ ወንበሩ ይጠባል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉ ሰውነት ላላቸው አንባቢዎቻችን ሰጥተነዋል። ቀጭኖችም አትለፉት፣ እናት አላችሁ፣ አክስት አላችሁ። ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ከየትም ብላችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጉ፣ ያስፈልገናል።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ሳቢያን ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር የግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዴን አይበቃውም። ነርሷ ትጎትተዋለች፣ በእጇ ጭምቅ አድርጋ ትይዘዋለች፣ አየር ሲሞላ ተርረር ብሎ ይፈታል። ባለፈው በግድ ታስሮ 158 በ96 አለ። ክኒን ታዘዘልኝ። «መሣሪያው ደህና ነው፣ ክንድሽ ነው የወፈረው» ተባልኩ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ያዞረኛል። እውነት ግፊት አለብኝ?

መልስ፦ አቦ፣ መጀመሪያ የክንዱን ነገር እንጨርሰው። ክንድሽ ያጠፋው ነገር የለም። ጫማ ሻጭ 37 ቁጥር አምጥቶ አልገባ ሲል እግርሽን አይሰድብም፣ 41 ሊያመጣ ይሄዳል። ካፍም ቁጥር አለው። ችግሩ ብዙ ቦታ ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ካፍ ብቻ መሆኑ ነው፣ እሱም መካከለኛው።

ጨርቁ ውስጥ አየር የሚሞላ የላስቲክ ከረጢት አለ። ደም ሥሩን የሚጫነው እሱ ነው፣ ጨርቁ አይደለም። ከረጢቱ ርዝመቱ የክንድሽን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት፣ ወርዱ ደግሞ የዙሪያውን 40 በመቶ ያህል መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ጫናው በደንብ ወደ ውስጥ አይደርስም። ስለዚህ ደም ሥሩን ለመዝጋት ከሚገባው በላይ አየር መሞላት አለበት፣ መሣሪያውም ያንን ትርፍ ያንቺ ግፊት አድርጎ ይቆጥረዋል። ጠባብ ካፍ ከፍ አድርጎ ያሳያል የሚባለው ለዚህ ነው።

ምን ያህል ከፍ አድርጎ? በፈረንጆች 2023 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ ለክቶታል። ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመካከለኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ወደ 5 ጨመረ። ከትልቁም የሚበልጠው የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ደግሞ በዚያው በመካከለኛው ሲለኩ ወደ 20 የሚጠጋ ጨመረ። 20! 138 የሆነ ሰው 158 ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል ማለት ነው። (ተቃራኒውም አለ፤ በጣም ሰፊ ካፍ ቀጭን ክንድ ላይ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። «ትልቁ ለሁሉም ይሆናል» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው።)

ግን እንግዲህ ግፊት የለብኝም ብለሽ ክኒኑን እንዳትጥይው። ግፊት ሊኖርብሽም ላይኖርብሽም ይችላል፣ የሚታወቀው ልክሽ በሆነ ካፍ ሲለካ ነው። ማዞሩን ግን በዚህ ሳምንት ሄደሽ ንገሪያቸው፣ ተቀምጠሽም ቆመሽም ይለኩሽ። ራስሽን ከሳትሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ደግሞ ሳምንት የለም፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ።

አሁን ሜትሩን አምጪው። ክንድሽን ዘና አድርገሽ ወደ ታች ልቀቂው። ከትከሻ አጥንቱ ጫፍ እስከ ክርን ያለውን መካከለኛ ቦታ ፈልጊ፣ እዚያ ላይ ዙሪያውን ለኪ፣ ሜትሩ ይንካ እንጂ አይጥበቅ። ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ከሆነ መካከለኛው ካፍ ልክሽ ነው። ከ35 እስከ 44 ከሆነ ትልቁ ነው። ከ45 እስከ 52 ከሆነ የጭን ካፍ የሚባለው ነው። ስሙ የጭን ይሁን እንጂ ለትልቅ ክንድም ይሠራል፣ ባለሙያ «ይሄ የእግር ነው» ካለሽ አትደንግጪ። ቁጥሩን ስልክሽ ላይ ጻፊው። ክፍሉ ውስጥ ገብተሽ «ወፍራም ስለሆንኩ…» ብለሽ አትጀምሪ። «ክንዴ 41 ሴንቲ ነው፣ ትልቁ ካፍ አለ?» በይ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ የሚያፌዝ ሰው አላጋጠመኝም፣ ቁጥር ላይ ምን ብሎ ያፌዛል።

የለም ካሉሽስ? ሌላ ክፍል ይጠይቁ። አንድ የጭን ካፍ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ቦታ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ጨርሶ ከጠፋ ከክርን በታች፣ ክንድሽ ቀጠን የሚልበት ቦታ ላይ፣ ልኩ የሆነ ካፍ አስረው እጅሽን በልብሽ ከፍታ ደግፈው መለካት ይችላሉ። ከላይኛው ክንድ ጋር ቁጥሩ በትክክል አይገጥምም፣ ስለዚህ «ከክርን በታች የተለካ» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ሁልጊዜም በዚያው ይለካ።

የራስሽን መግዛት ካሰብሽ፣ ታይዋን ገበያም ግዢው ፋርማሲም፣ ካርቶኑን ገልብጠሽ አንብቢ። ብዙዎቹ ዲጂታል መሣሪያዎች ይዘውት የሚመጡት ካፍ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ከ22 እስከ 42 የሚል አላቸው፣ ክንድሽ እስከዚያ ከሆነ ላንቺ እሱ ነው። የዲጂታል ካፍ ከሌላ ፋብሪካ መሣሪያ ጋር አይደባለቅም፣ ቱቦው ቢገጥም እንኳ መሣሪያው የተሞከረው በራሱ ካፍ ነው። ሰዓት ያለው በእጅ የሚነፋው ዓይነት ከሆነ ግን ትልቅ ካፍ ለብቻው ገዝቶ መግጠም ይቻላል፣ ባለ አንድ ቱቦ ይሁን ባለ ሁለት አይተሽ ግዢ። እና እባክሽ፣ ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ የሚጣበቀውን ጨርቅ አታስረዝሚው። ይታሰራል፣ አይፈታም፣ ውስጡ ያለው ከረጢት ግን ያው አጭሩ ነው፣ ውሸቱም ያው ውሸት ነው።

ቤት ስትለኪ አምስት ደቂቃ ተቀመጪ፣ ጀርባሽን አስደግፊ፣ እግርሽን አታነባብሪ፣ ሽንትሽ ከመጣ ቅድሚያ ለእሱ። ከመለካትሽ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይኖርም። ድሬ ላይ ሆኜ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደግሞ ያሳፍረኛል፦ ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ይጨምራል። ከበርጫ ላይ ተነስቶ ሄዶ የተለካ ሰው የለካው የበርጫውን ግፊት ነው።

ጥያቄ፦ አቦ እንዴት ነሽ! የገንደ ቆሬ ባጃጅ ሹፌር ነኝ። ኦፕሬሽን አለብኝ፣ ኪሎህን ትክክለኛውን ይዘህ ና አሉኝ። የቤቱ ሚዛን ስወጣበት ኢረር ይላል፣ የጤና ጣቢያውም 150 ላይ ያልቃል። ጓደኞቼ ቀፊራ ገበያ ሄደህ ከማሽላው ጋር ተመዘን እያሉ ይስቁብኛል። ዝም ብዬ 150 ብላቸው ምን ይለኛል?

መልስ፦ እንዳትላቸው። ማደንዘዣውና አንዳንድ መድኃኒቶች የሚሰሉት በኪሎ ነው። ለምሳሌ ከኦፕሬሽን በፊትም በኋላም የሚሰጥ የደም ማቅጠኛ መርፌ አለ፣ ልኩን ሲያወጡ ክብደትህን ያያሉ። የኦፕሬሽን ጠረጴዛውም የሚችለው ኪሎ አለው፣ ሳያውቁ አስተኝተውህ ቢንቃቃ ለማንም አይበጅም።

አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የቤት ሚዛኖች አግኝ። ሊሾ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፣ ምንጣፍ ላይ አይሆንም። አንዱን እግር አንዱ ላይ፣ ሌላውን ሌላው ላይ፣ ምንም ሳትደገፍ ቀጥ ብለህ ቁም። አንተ ጎንበስ ብለህ አታንብብ፣ ሌላ ሰው ሁለቱንም ቁጥር በአንዴ ያንብብልህ። ሁለቱ ሲደመሩ ኪሎህ ነው፣ ፊዚክስ ነው፣ ቀልድ የለውም። ሚዛኖቹን አቀያይረህ ድገመው፣ ድምሩ ብዙ ካልተለያየ ይዘኸው ሂድ፣ «በሁለት ሚዛን የተለካ ነው» ብለህም ንገራቸው።

የቀፊራው ሚዛን? በትክክል ከመዘነ ኪሎ ኪሎ ነው። ግን እየሳቁብህ መሄድ የለብህም። ከሄድክም ጓደኞችህን ቤት ትተሃቸው ሂድ።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ከጁገል ውስጥ ነው የምጽፍልሽ። እናቴን ስትሮክ መቷት ግራ ጎኗ ደክሟል። ሰውነቷ ከባድ ነው፣ 130 ኪሎ አካባቢ ናት። ዘመድ ዊልቸር ሰጠን፣ ግን ስትቀመጥ ጎንና ጎኑ ጭኗን ይቆርጣታል፣ ቀይ ምልክት ጥሎባታል። ቤታችን የድሮ የሐረሪ ቤት ነው፣ መደብ አለው፣ ደረጃ አለው። ሽንት ቤት መውሰዱ ደግሞ ሁላችንንም ወገባችንን ጨርሶናል። ወንድሜ ዊልቸሩን በያጅ ጋ ወስዶ ላስፋው ይላል።

መልስ፦ መጀመሪያ ቀዩን ምልክት ተመልከቺው። ከወንበሩ ከተነሳች ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ ወይም ቆዳው ከተላጠ ቁስል እየጀመራት ነው፣ በዚያ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ፣ ለጤና ባለሙያም አሳይው። በደከመው ጎኗ ላይ ስሜቷም ቀንሶ ከሆነ እያመማትም ላታውቀው ትችላለች። ወንበር ላይ ስትሆን በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ጎን እያዘነበላችሁ አሳርፏት፣ አልጋ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ገልብጧት።

ወንድምሽን አስቁሚው። ታጣፊ ዊልቸር ከሥሩ መስቀለኛ ብረት አለው፣ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። እሱን ቆርጦ ማስፋት ማለት እናታችሁ መንገድ ላይ እንድትወድቅ ማመቻቸት ነው። ደግሞ ተራው ታጣፊ ዊልቸር ብዙ ጊዜ የሚችለው ከ100 እስከ 120 ኪሎ ነው፣ ወይ ብረቱ ላይ ወይ መመሪያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ችግሩ ስፋቱ ብቻ አይደለም።

የሚያስፈልጋችሁ ከባድ ሰው እንዲሸከም የተሠራው ዓይነት ነው። መቀመጫው ከ50 ሴንቲ ጀምሮ እስከ 60 የሚደርስ ወርድ አለው፣ ከሥሩ መስቀለኛው ብረት ድርብ ይሆናል፣ ከ200 ኪሎ በላይ የሚችልም አለ። ሱቅ ላይ ተደርድሮ ላታገኙት ትችላላችሁ፣ አስመጪ ጋ ታዞ የሚመጣ ዕቃ ነው፣ ጅቡቲ ወይም ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁም ጠይቁ። ለማዘዝ ግን ቁጥር ያስፈልጋል። እናትሽን ጠንካራ አግዳሚ ላይ አስቀምጪያት። በዳሌዋ ግራና ቀኝ አንዳንድ ጣውላ ሳትጫኑ አቁሙ፣ በመካከላቸው ያለውን ለኩ፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ጨምሩ። ይህ የመቀመጫው ወርድ ነው። ከጀርባዋ እስከ ጉልበቷ ማጠፊያ ለክታችሁ አራት ሴንቲ ያህል ቀንሱ፣ ይህ ጥልቀቱ ነው። ከጉልበት ማጠፊያዋ እስከ ተረከዟ ደግሞ የእግር ማስቀመጫው ቁመት። አራተኛው ኪሎዋ ነው።

አሁን ደስ የማይለው ክፍል። የዊልቸር ጠቅላላ ወርድ ከመቀመጫው በ20 ሴንቲ ያህል ይበልጣል። 56 ሴንቲ መቀመጫ ያለው ከ76 የሚሰፋ በር ይፈልጋል ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የቤቱን በር፣ የግቢውን በር፣ እስከ መኪና መንገድ ያለውን ቀጭን መንገድ በሙሉ ለኩ። የጁገልን መንገድ እኔ ላንቺ አልነግርሽም፣ ድንጋዩንም ታውቂዋለሽ። ለብዙ ቤት የሚሻለው ዊልቸሩን ለውጭ ብቻ አድርጎ በር አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ውስጥ ደግሞ መደቡን ተጠቀሙበት። ቁመቱ ከጉልበቷ ማጠፊያ ጋር እኩል ከሆነ መነሳትና መቀመጥ ይቀላታል፣ ዝቅ ካለ ጠንካራ ፍራሽ ጨምሩበት።

በያጁን ግን ሙሉ በሙሉ አታባርሩት፣ ለሽንት ቤቱ እንፈልገዋለን። መሐሉ ክፍት የሆነ፣ ከሥሩ ባልዲ የሚገባበት ወንበር ይሥራላችሁ። ወፍራም የብረት ቱቦ ይሁን፣ የሚሽከረከር ጎማ የሌለው፣ አራቱም እግር ሰፋ ብሎ የቆመ፣ ጫፉ ላይ የማያንሸራትት ላስቲክ ያለው። እጅ መደገፊያው ጠንካራ ይሁን፣ በደህናው እጇ ተደግፋ ነው የምትነሳው። ብየዳው ሁሉ ይለስልስ፣ የክፍቱ ጠርዝ ቆዳ እንዳይቆርጥ ስፖንጅና ሸራ አልብሱት። ከዚያ እናትሽ ሳትቀመጥበት ሲሚንቶ ይቀመጥበት። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፣ አራቱን ጫኑበትና እንዲያድር ተዉት። ካልተጣመመና ብየዳው ካልተሰነጠቀ ይሁን። ሰው ሲቀመጥ ዘጭ ስለሚል ነው ከኪሎዋ አብልጣችሁ የምትሞክሩት።

ስታነሷት ደግሞ በደከመው እጇ ወይም በብብቷ አትጎትቷት፣ ከስትሮክ በኋላ ትከሻው በቀላሉ ይጎዳል። ወገቧ ላይ ሰፊ ጠንካራ ጨርቅ እሰሩና ሁለት ሰው ሆናችሁ እሱን ያዙ። የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ጊዜ ቢያሳያችሁ ከእኔ ደብዳቤ ይሻላል። ወገባችሁ እንዲተርፍ አንድ ቀን ለዚህ ስጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የባቡር ጡረተኛ ነኝ፣ ከዚራ ነው ቤቴ። ለወገቤ ኤምአርአይ ተነሳ ተብዬ አዲስ አበባ ተላክሁ። 148 ኪሎ ነኝ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ማሽኑ ውስጥ አልገባም ቢሉኝስ?

መልስ፦ አባባ፣ ድሬ አንቱታ አታውቅም ይላሉ፣ እኔ ግን ለእርስዎ ልጠቀም። ስጋትዎ ልክ ነው፣ መፍትሔው ግን አንድ ስልክ ነው። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ማሽኑ ያለበት ቦታ ይደውሉ፣ ወይም ልጆችዎ ይደውሉ፣ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አልጋው የሚችለው ስንት ኪሎ ነው? የቀዳዳው ወርድ ስንት ነው? አሮጌዎቹ አልጋዎች ልካቸው 150 ኪሎ አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ አዲሶቹ 200ና ከዚያ በላይ ይችላሉ። ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ወይ 60 ሴንቲ ነው ወይ 70። ያቺ 10 ሴንቲ ለእርስዎ ብዙ ናት።

ወለል ላይ በጀርባዎ ይተኙ፣ እጅዎ ጎንዎ ላይ ይሁን፣ ግራና ቀኝ ጣውላ አቁመው ሰፊውን ቦታ ይለኩልዎ። ሆድዎም ከወለሉ ስንት ከፍ እንደሚል ይለካ፣ አልጋው ራሱ ከቀዳዳው ውስጥ ቦታ ይወስዳልና። የወገብ ሲሆን ወገብዎ መሐል መግባት አለበት፣ እግር ብቻ ገብቶ አይሆንም። ቁጥሮቹን በስልክ ይንገሯቸው፣ ኪሎዎን ደግሞ አይቀንሱ። ሰው በስልክ አሥር ኪሎ መቀነስ ይወዳል። ሰውነትዎ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ማሽን ካለም ያንን አብረው ይናገሩ። የማይሆን ከሆነ ያዘዘዎትን ሐኪም ሲቲ ስካን ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁት። የሲቲ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ 70 ሴንቲ ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ ግን ነርቭና ዲስክን እንደ ኤምአርአይ አያሳይም፣ ስለዚህ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን በብዕር ነው የምወጋው። ወፍራም ስለሆንኩ ረጅም መርፌ ግዢ ይሉኛል። እውነት ነው? (ድሬዳዋ)

መልስ፦ ለኢንሱሊን አይደለም። ኢንሱሊን የሚገባው ከቆዳ ሥር ስብ ውስጥ ነው፣ የቆዳ ውፍረት ደግሞ በወፍራምና በቀጭን ሰው መካከል ብዙ አይለያይም። የብዕሩ 4 ሚሊሜትር መርፌ ለወፍራምም ይበቃል። ረጅሙ ጡንቻ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ያኔ ስኳርሽ ሳታስቢው ይወርዳል። የክንድ ክትባት ግን ሌላ ነው፣ እሱ ጡንቻ መድረስ አለበት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ90 ኪሎ በላይ ለሆነች ሴትና ከ118 ኪሎ በላይ ለሆነ ወንድ 38 ሚሊሜትር መርፌ ነው የሚመክረው። ስትከተቢ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ በቀዶ ጥገና ከወለድኩ ገና ነው። የሆድ ቀበቶ ከፋርማሲ ወደ ፋርማሲ ብዞር ትልቁ የሚሉት እንኳ አይገጥምም። ሐረር ነኝ።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ይህ ካፍ አይደለም፣ ውስጡ ከረጢት የለውም፣ ስለዚህ ይሄኛውን በደስታ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው። ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበት መኪና ግርግር ሂጂ፣ ያ ሁሉ ሲንጀር ተደርድሮ የለም እንዴ! ቆመሽ፣ ሆድሽን ሳትስቢ፣ እምብርትሽ ላይ ዙሪያሽን ለኪ። ሁለት ቀበቶ ገዝተሽ አንዱን ቆርጠው ለሌላው ይቀጥሉልሽ፣ የሚለጠጠው ክፍል ጀርባሽ ላይ ይሁን፣ ስፌቱ ቁስልሽ ላይ እንዳያርፍ። ከሥሩ ስስ የጥጥ ልብስ ልበሺ። መተንፈስ ከከበደሽ ወይም ካመመሽ ላላ አድርጊው፣ ስትተኚ አውልቂው። ሆድሽ ቁስሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ እጥፉን ከፍ አድርገሽ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፣ ላብ እንዳይቀመጥበት። መቅላት፣ ፈሳሽ፣ ሽታ ወይም ትኩሳት ካየሽ ግን ቀበቶውን ትተሽ ወደ ወለድሽበት ሆስፒታል ሂጂ። እዚያው ልብስ ሰፊው ጋ ሳለሽ ደግሞ ለቀጠሮ ቀን የሚሆን ከፊት የሚከፈት ሰፊ ጋውን አሰፊ። ሆስፒታል የሚሰጡት ከኋላ አይገጥምም፣ ኮሪደሩ ደግሞ ረጅም ነው።